የፈረሰኞቹ ደብዳቤ

ያ ሰውዬ ደብዳቤዬን አንብቦ የሳቀው ሳቅ ዛሬም ያናድደኛል። እንጅባራ አስፋልቱ ዳር፣ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ፣ ለትምህርት ቤቶችና ለክሊኒኮች የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ነው። እኔ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ቤት ከተቀመጥኩ ሁለት ክረምት አልፎ ነበር። ያወጣው የቅጥር ማስታወቂያ የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ያልተቀጠረ ሰው ልምድ ከገበያ የሚሸምት ይመስል!

እኔ ግን ልምድ ነበረኝ። በመንደራችን የፈረሰኞች ማኅበር አለ፤ ሰው ሲሞት አባላቱ ፈረስ ጭነው፣ ተጠራርተው ይሸኙታል። ጥሩንባው የማይሰማበት ጎጥ ያሉት ግን ሁልጊዜ የሚደርሱት ቀብሩ ካለቀ በኋላ ነበር። ስለዚህ የሁሉንም ስልክ በየጎጡ መዝግቦ መርዶውን ባንዴ የሚልክ ፕሮግራም ሠራሁላቸው። ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላሳፈረኝም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፣ ይህንኑ አስጽፈው ማኅተም መቱልኝ።

«የፈረስ ማኅበር!» አለ ሰውዬው፣ ወረቀቱን ለጸሐፊዋ እያሳየ። «እኛ እኮ እዚህ ፈረስ አንጭንም።»

«ፕሮግራሙን ላሳይዎት» ስለው ላፕቶፔን እንኳ አላስከፈተኝም። «የታወቀ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠርተሽ ተመለሺ» አለኝ። ደሜ ፈልቶ ወረድኩ። ባጃጅ ውስጥ እስከ መናኸሪያ ድረስ ስረግመው ሄድኩ፤ አልዋሽም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሊቀ መንበሩ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ቶሎ መልእክት ላኪ። ያ ቆሰበር ኮምፒውተር የሚሠራው ልጅ አባቱ አርፈዋል።»

ሽማግሌዎቻችን እንጅባራን ቆሰበር ነው የሚሏት። ሰውዬው የኛው አገር ልጅ መሆኑን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ላፕቶፑን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ኔትወርክ የለም ብል ማን ያውቅብኛል? ፈረስ የማይጭን ሰው አባቱን ያለ ፈረስ ይቅበር አልኩ። ግን ሟቹ ምን አደረጉኝ? መርዶውን እየተሳደብኩ ላክሁት።

ቀብሩ ላይ እኔም ነበርኩ፤ ሜዳው በፈረስ ሞላ። ከወንዝ ማዶ ያሉት እንኳ አስከሬኑ ሳይወጣ ደረሱ። ሰውዬው እያለቀሰ ሊቀ መንበሩን፣ «ይሄ ሁሉ ሰው በምን ሰማ?» አላቸው።

እሳቸው በደብዳቤው መሳቁን አያውቁም፤ ወደ እኔ ጠቆሙ። «በዚች ልጅ ነዋ። ለኮምፒውተር ቤት ሁሉ ብለን ደብዳቤ ጽፈንላት ነበር፣ አልደረሰህም?»

ሰውዬው አንገቱን ደፋ። አላዘንኩለትም።

ሐዘኑን እንደጨረሰ ራሱ ደውሎ ሥራ ሊቀጥረኝ ጠራኝ። ይቅርታ የምትባል ቃል ግን ካፉ አልወጣችም። የቅጥር ቅጹን እፊቴ ቁጭ ብሎ ሞላው። «የሥራ ልምድ» የሚለው ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝና «የለም» ብሎ ጻፈ።

ሥራውን እፈልገው ነበር። ፈረምኩ።