ከወደቡ የመጣ ድምፅ

መርከቧ ከተነሳች ጀምሮ ስልኬ አልሠራም። የመጀመሪያው ወደብ ስንደርስ ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ከተማዋን ሊጎበኙ ሲወርዱ እኔ ኮልፌ ደወልኩ። ከእናታችን ጋር የምትኖረው እህቴ አነሳች።

«ባሕር ላይ ኔትወርክ የለም ብላት አላምን አለች። ‹ሞቷል፤ መርዶውን ደብቃችሁኝ ነው› ትላለች። ጎረቤቱ ‹ደህና ነው› ባላት ቁጥር ይብስባታል። እህል አልቀመሰችም።»

አልፈረድኩባትም። በእኛ ሰፈር ሰው በሩቅ ሲሞት ሽማግሌዎች በማለዳ እስኪመጡ ድረስ «ደህና ነው» ነው የሚባለው።

እህቴ ስልኩን ሰጠቻት። እኔም እንደ ጋዜጠኝነት ሙያዬ ማስረጃ ደረደርኩ፤ ያለሁበትን ከተማ፣ ቁርስ የበላሁትን፣ የለበስኩትን ሹራብ ነገርኳት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች፣ እንደ እንግዳ ሰው አንቱ ብላኝ። «ድምፅዎ ቁርጥ የልጄን ነው። ማን ልኮዎት ነው?»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ!»

«እሱም እማዬ ነበር የሚለኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ዘመኔን ሙሉ የሰው ሞት አጣርቼ ዘግቤያለሁ፤ የራሴን ማስተባበል ግን አቃተኝ። ሻንጣዬን ከመርከቧ አወረድኩና እህቴ ጋ መልሼ ደወልኩ።

«በአውሮፕላን እየመጣሁ ነው፤ ንገሪያት።»

«ተው እባክህ!» አለችኝ። «እሱን ብነግራት ‹ሬሳው እየመጣ ነው› ነው የምትለው።»