አጎቴና የሚያዝያ በረዶ

አጎቴ በረዶ ላይ ሲሄዱ በየጥቂት እርምጃው ተረከዛቸውን ተክለው ምን ያህል እንደሰመጠ ያዩ ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት በሚያዝያ ከለንደን ስኮትላንድ ወስደውኝ አንድ ረጅም ተራራ ስንወጣ፣ ጠዋት እንደ ድንጋይ ጠንክሮ የነበረው በረዶ ቀትር ላይ እስከ ጉልበታቸው ዋጣቸው። ጫፉ ቅርብ ነበር።

"ላልቷል፤ እንመለስ" አሉ።

አብሮን የመጣው ጓደኛቸው "ፈራህ እንዴ?" ብሎ ስቆ ብቻውን ቀጠለ። ብዙም ሳይርቅ በረዶው ከእግሩ ስር ተንዶ ቁልቁል ወሰደው። እግሩ ስለተሰበረ አጎቴ አዝለው አወረዱት።

ባለፈው ሳምንት ለንደን ፊንስበሪ ፓርክ ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ ለቅሷቸው ላይ፣ ያው ሰው እየበላ "ነፍሱን ይማረውና፣ ከዚያ ተራራ ጎትቼ ያወረድኩት እኔ ነኝ" ሲል ሰማሁት። ከእሱ ይልቅ ራሴን ተጸየፍኩ፤ ይህንኑ እፊታቸው ለዓመታት ሲያወራ እሳቸው ፈገግ ይሉ ነበር፣ እኔም አብሬ ፈገግ እል ነበር።

"ውሸት ነው፤ እሳቸው ናቸው ያዘሉህ" አልኩት።

አክስቴ ቀስ ብለው "አጎትሽ እንዲህ ያለ ነገር አይወዱም ነበር" አሉኝ።

እንደ ድሮው የአጎቴን ፊት ለማየት ወደ ወንበራቸው ዞርኩ። የተቀመጠበት ያ ጓደኛቸው ነበር።