አየር የምታበጥረው ፀጉር ሠሪ

ፀጉር ሠሪዋ ሃያ ዓመት ሙሉ በሰው ፀጉር ቤት ቆማ ስታበጥር ኖራ፣ የራሷ ሽበት ብቅ ሲል አንዲት ክፍል ተከራየች። ክፍል መባሏ ለክብሯ ነው እንጂ፣ ርዝመቷ አምስት ርምጃ፣ ወርዷ ሦስት ብትሆን ነው።

እሷ ግን ሁለት ወንበር ካልገባ አለች። አንዱ ለራሷ፣ አንዱ ለእታለም። እታለም የምትላት ሙያውን ያስተማረቻትን ሴትዮ ነው። ጉልበቷ አልታጠፍ ብሎ መቆም ሲያቅታት፣ ከምትሠራበት ፀጉር ቤት «በቃ እረፊ» ብለው ሸኟት። እረፊ ማለት ሂጂልን ማለት መሆኑ ለማን ይጠፋዋል? ያን ቀን ፀጉር ሠሪዋ፣ «የኔ ቤት ሲከፈት ቦታ አለሽ» ብላ ቃል ገባች።

የጠራችው አናጢ መጥቶ ለካና ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ አንድ መታጠቢያ። ሌላ ከጨመርሽ ደንበኛሽን ጭንሽ ላይ ነው የምታስቀምጫት።»

«አንተ መጋዝህን አዘጋጅ፤ ቦታውን ለኔ ተወው።»

ጠመኔ ገዝታ ሁለቱንም ወንበር፣ መታጠቢያውንም በልካቸው ወለሉ ላይ ሣለች። ከዚያማ ባዶ ክፍል ውስጥ ሥራ ጀመረች! የሌለች ደንበኛ ታስቀምጣለች፣ ታጥባለች፣ ዞር ብላ ፎጣ ታነሣለች። መስመር ከረገጠች በጨርቅ አጥፍታ እንደገና ትሥላለች። አላፊ አግዳሚው እንዳይስቅባት በሩን ዘግታ ነበር። በሦስተኛው ቀን አናጢው ገርበብ አድርጎ ብቅ ቢል፣ አየር ስታበጥር አገኛት።

«ምነው እትዬ፣ በደህና ነው? ነፋሱ ለሠርግ ተጠርቷል እንዴ?»

«ሳቅ፣ ሳቅ! ይልቅ ግባ።»

በሩን ገፋ ሲያደርገው፣ የበሩ ጠርዝ የተሣለውን ሁለተኛ ወንበር እኩሌታ ጠርጎ አለፈ። ፀጉር ሠሪዋ ክው አለች። ሦስት ቀን ስትለካ በሩን አንዴም አልጠረጠረችውም።

«ሌባው ተገኘ! ቦታዬን የሚበላው ይኼ ነው። ገልብጠህ ወደ ውጭ ክፈትልኝ።»

«የመንገደኛ አፍንጫ ልትሰብሪ ነው?»

«በረንዳው ምን ሊሠራ ተቀመጠ?»

እያጉረመረመ ማጠፊያውን ነቅሎ ገለበጠው። የአሮጌ ቁም ሣጥን መስታወትም ለሁለት ቆርጦ ሰቀለላት፤ በእታለም በኩል ያለውን ዝቅ አድርጎ። ደንበኛዋ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ፣ እታለም ከኋላዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነዋ የምትሠራው። ዛሬ የሥራ ቦታን ለሠራተኛው አካል ማስማማትን በትምህርት የሚማሩት አሉ ይባላል። እሷ ጠመኔዋና የገዛ ክንዷ ብቻ ነበሩ አስተማሪዎቿ።

እታለም የመጣች ዕለት ደጅ ላይ ቆመች።

«አዝነሽልኝ ከሆነ እዚሁ ንገሪኝና ልመለስ።»

«ግቢና እዪው።»

ገብታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። አልታጠፍ ያለ እግሯን ቀስ ብላ ዘረጋችው። ግድግዳ አልነካም፣ ወንበር አልነካም። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሞከረችው።

ከዚያ ያ የድሮ የአስተማሪነት ቁጣዋ መጣ። «ምን ይገትርሻል? ሚዶውን አቀብዪኝና ቁጭ በይ! በዚህ ባልተበጠረ ራስሽ ነው ሰው የምትቀበይው?»

ፀጉር ሠሪዋም ሥራ ትለምድ እንደነበረበት ጊዜ አንገቷን ደፍታ ዝቅተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠችላት።