ጸበል የጠጣችው መኪና

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር፣ መካኒኩ ኮፈኗን ከፍቶ የፍሬን ዘይቷን ክዳን ሲያላላው ያ ሽታ መጣ፤ መጀመሪያ ጣፈጥ ብሎ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ የሚያቅለሸልሽ፣ ሌላ ሰው ልብ እንኳ የማይለው ሽታ። ከጋራዡ ወጥቼ አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። «ምነው እትዬ፣ ቤንዚኑ መታሽ?» አለኝ መካኒኩ። «አዎ» አልኩት። ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴትዮ የፍሬን ዘይት ትፈራለች ይባላል እንዴ?

አባቴ ቡሬ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነበር። መኪናዋ መንገድ ሊሠራ የመጣ የአንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ነበረች፤ ሰውየው ሥራው አልቆ ሲሄድ ተከራይቶት በነበረው ግቢ ጥሏት ሄዶ፣ ዶሮ እንቁላል እየጣለባት ስንት ዓመት ከከረመች በኋላ፣ አባባ ቤት ልንሠራበት የነበረውን ቦታ ሸጦ ገዛት። ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ከመሬት የተጣበቀች፣ ለእሽቅድምድም እንጂ ለእኛ አገር ጠጠር ያልተፈጠረች ነበረች። እናቴ ስታኮርፍ ከርማ ስትታረቅ «ቀዮ» ብላ የላም ስም አወጣችላት፤ «ወተት የማትሰጥ፣ የማትታረድ፣ መብላት ብቻ የምታውቅ ላም ገዛልን» ትል ነበር ለጎረቤት። ስሟ በዚያው ጸና።

ክረምት ክረምት ቀዮ አትወጣም ነበር። ጭቃው ሆዷን ስለሚይዛት አባባ ሸራ አልብሶ ከማድ ቤቱ ጎን ያቆማትና፣ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ከሥሯ ተኝቶ ይውል ነበር። መለዋወጫ የሚባል ነገር የላትም፤ አዲስ አበባ ሲያስጠይቅ «እሷ እኮ ከገበያ ጠፍታለች» ስለሚሉት፣ የጎደላትን ከአሮጌ ጎማ እየቀደደ፣ ከቆርቆሮ እየቆረጠ ራሱ ይሠራላት ነበር። ዋናው በሽታዋ ፍሬኗ ነው። አንዱ ላስቲክ አልቆ ዘይቷን ቀስ እያለች ታንጠባጥባለች፣ ፔዳሉም ሁለቴ ሦስቴ ካልተረገጠ አይዝም። አባባ ስለ እሷ የሚያወራው ቤቱ ሰው እንደታመመበት ነበር፦ «ዛሬም አሟታል»፣ «ትናንት እኮ ተሽሏት ነበር»፣ «ይቺ ልጅ አልዳነችም።» ይህን አነጋገሩን ልብ በሉልኝ፤ እኔ አሥር ዓመቴ ነበር፣ የሰማሁትን ሁሉ አምናለሁ።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ ቀዮ ትወጣለች፣ የእኔም ሰቀቀን ይጀምራል። ሲፈጥረኝ ፈሪ ነኝ። ሌሎቹ ልጆች ከኋላችን እየሮጡ ሲቀኑብኝ፣ እኔ ከአባባ ጎን ተቀምጬ ውጭውን ሳላይ ቀኝ እግሩን ብቻ እመለከት ነበር። ቁልቁለት ስንደርስ ይረግጣል፤ አንድ። ይረግጣል፤ ሁለት። ሦስተኛው ላይ ስትይዝ ትንፋሼ ይመለሳል። አባባ አንድ ቀን ዞር ብሎ አይቶኝ «ምነው ልጄ፣ ላብ አጠመቀሽ?» ሲለኝ ሙቀቱ ነው ብዬ ዋሸሁት፤ ፈርቻለሁ ብዬ ብነግረው መኪናዋን የሰደብኩበት ይመስለው ነበርና።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? በኅዳር፣ በገበያ ቀን፣ ከላይ ወደ ገበያው ስንወርድ አባባ ሦስቴ ረገጠ፣ አራቴ ረገጠ፣ ቀዮ አልያዘችም። ከፊታችን መንገዱ ዳር የተሰጣ በርበሬ ነበር፤ ሸራ ሙሉ። አባባ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጁ ስቦ በርበሬው ውስጥ ገብተን ቆምን። ሰዉ ሁሉ ያስነጥሳል፣ ይስላል፣ የሚስቁም ነበሩ። እኔ ግን ያየሁትን አይቻለሁ። ትንሽ ቀደም ብሎ እዚያ ሸራ ላይ፣ ልጇን ታቅፋ በርበሬ ስትለቅም የነበረች ሴት ከሩቅ ታይታኝ ነበር፤ ምን እንዳስነሣት እንጃ፣ ተነሥታለች። በርጩማዋ ጎማው ሥር ተሰባብሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አልበላ አለኝ፣ እናቴም ዓይን በልቷት ነው ብላ ጠዋት ጠዋት ጸበል ታጠጣኝ ጀመር።

በጥር እህቴ ስንዱ ፍኖተ ሰላም ልትዳር ሆነ። በኛ አካባቢ ሙሽራ በቀዮ ካልሄደች ሠርጉ ሠርግ አይመስልም ነበር፤ አባባም እምቢ ማለት አይሆንለትም፣ ራሱ እየነዳ የስንቱን ልጅ አድርሷል። እግሩ በሽታዋን ስለሚያውቅ በማርሽም በእጅ ፍሬንም ብሎ ይወጣዋል። አሁን ግን ሙሽራዋ የራሱ ልጅ ናት። የሙሽራ አባት ልጁን ነድቶ ለአማች አያስረክብም፣ ነውር ነው፤ መርቆ ይሸኝና ቤቱ ይቀመጣል። ስለዚህ መሪውን የሚይዘው ከሙሽራው ወገን የሚመጣ ሹፌር ሊሆን ነው። እትዬ ስንዱ ደግሞ ስንቱን የሰው ሙሽራ ስትወስድ ያየቻት መኪና እሷን የምትወስድበትን ቀን ነበር ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጠብቀው። አባባ ሳምንት ሙሉ ከሥሯ ሳይወጣ ላስቲኩን ለወጠ፣ በሠርጉ ዋዜማም ዘይቷን እስከ ምልክቱ ሞላላት።

በሠርጉ ዕለት ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። ሴቶቹ ዳሱ ውስጥ ሥራ ይዘው ስለነበር ማንም ልብ አላለኝም። እናቴ አልጋዋ ሥር በቢጫ ጀሪካን ጸበል ታስቀምጥ ነበር፤ ለሆድ ቁርጠቱም፣ ለራስ ምታቱም፣ ለክፉ ሕልሙም የምትሰጠን ከእሱ ነው፣ አማትቦ፣ በባዶ ሆድ። አንድ ሲኒ ቀዳሁ። እኔ ምንም አልቀመስኩም። ቀዮም አልቀመሰችም፤ ቤንዚን የሚሞላላት ረፋድ ላይ መሆኑን ሰምቼ ስለነበር፣ የቸኮልኩት በባዶ ሆዷ ልደርስባት ነው። ኮፈኗ የሚታሰረው በሽቦ ነበር፤ ፈታሁት። የፍሬን ዘይቷን ክዳን ስከፍት ከምልክቱ ጣት የሚያህል ጎድላለች፤ ሌሊቱን ስታንጠባጥብ ነው ያደረች። አማትቤ፣ አባታችን ሆይ ደግሜ፣ ሲኒውን ገለበጥኩላት፤ ልክ ምልክቱ ላይ ደረሰ። ደስ አለኝ። እግዜር ራሱ የለካው መሰለኝ።

ረፋዱ ላይ ሚዜዎቹ መጡ፣ ሹፌሩም ጥቁር መነጽር አድርጎ መጣ። አባባ ኮፈኗን ከፈተና ሲያይ ፊቱ በራ። «ጠብታ አልጎደለችም» አለው። «ጎድላ ቢሆን ኖሮ፣ ልጄ፣ ይህን ቁልፍ አታገኘውም ነበር፤ ሙሽራዋ ብታለቅስም ታልቅስ ነበር የምለው። ድናለች።» ቁልፉን ሲሰጠው ደግሞ እንደ ልማዱ መምህርነቱ ተነሣበት፦ «ክዳኗን ብቻ እንዳትነካ። ዘይቷ ውኃ አይወድም፤ ውኃ ከገባው ቁልቁለት ላይ ሲሞቅ ይፈላና እግርህ ባዶ ይረግጣል።» እኔ እዚያው በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ጸበሉም ውኃ ነበር።

መናገር እችል ነበር። በእኔና በአባባ መካከል አሥር እርምጃ አይሞላም። ግን ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ጭብጨባ፣ ሽማግሌዎቹ እየመረቁ፣ እትዬ ስንዱ ነጭ ለብሳ ጎንበስ ብላ ስትገባ፤ አፌ ተሳሰረ። ጸበል ነካሁ ልበል? መኪና አጠጣሁ ልበል? ደግሞ ጸበል አይደለም ወይ፣ ምን ያደርጋታል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። መኪናዋ አጃቢዎቹ ከተሳፈሩበት ሚኒባስ ፊት ሆና ወጣች፣ እህቴ በመስኮት እጇን አወዛወዘችልኝ። ከዳሱ ጀርባ ሄጄ ተደበቅኩ። ሩብ ሰዓት ያህል እዚያው ቁጢጥ ብዬ ቆየሁና፣ አባባ ከሽማግሌዎች ጋር ወደተቀመጠበት ሄጄ ጆሮው ላይ «ጸበል ጨመርኩባት» አልኩት።

«ማን ላይ?» አለኝ ፈገግ ብሎ።

«ቀዮ ላይ። ፍሬኗ ውስጥ። ጎድላ ነበር አባባ፣ እኔ ነኝ የሞላኋት።»

ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። አልተቆጣም፣ አልጮኸም፤ እጄን ይዞ በሰዉ መሐል እየጎተተ አስፋልቱ ላይ አወጣኝ። ያኔ ደውለህ አስቁም የምትለው ሞባይል የለ። በርበሬ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ አይሱዙ ሲመጣ አባባ መንገዱ ላይ በአካል ቆሞ አስቆመው፣ የጎረቤት ሰዎችም «የሙሽራ አባት የት ነው የሚሄደው?» እያሉ ሲያዩን ገባን። ከቡሬ ወደ ማንኩሳ ያለው ቁልቁለት ያን ቀን አላልቅ አለ። በየመታጠፊያው ገደሉን እያየሁ ቀይ ነገር ስፈልግ፣ ቀይ ሁሉ ያስደነግጠኝ ነበር፤ የአንዲት ሴት ጃንጥላ፣ አህያ ላይ የተጫነ ጀሪካን። አባባ የሹፌሩን ወንበር ጠርዝ እንደጨበጠ ነበር። ማንኩሳ መግቢያ ላይ ሰው ክብ ሠርቶ መንገዱን ሞልቶት ሳይ ነፍሴ አልቀረችም። በቃ፣ ገደልኳት አልኩ።

ሰዎቹ ግን ይጨፍሩ ነበር። እዚያ ያሉት የሙሽራው ዘመዶች አስቁመዋቸው ነው፤ እትዬ ስንዱ ቀዮ ውስጥ ቁጭ ብላ ትስቃለች። አባባ ክቡን ሰንጥቆ ገብቶ ቁልፉን ነቀለ። ጭፈራው ቆመ።

«መምህር፣ ምነው፣ በደህናዎ?» አለው አንደኛው ሚዜ።

«ፍሬኗን አላምነውም። ልጄን ወደ ሚኒባሱ አሻግሩልኝ።»

«ጠዋት ድናለች ብለው በሰው ፊት አስረክበው?»

አባባ ወደ ሹፌሩ ዞረ። መነጽሩን አውልቆ ነበር፣ ግንባሩ በላብ ተጠምቋል። «ንገራቸው እስቲ፣ ቁልቁለቱ ላይ እንዴት ነበረች?» አለው። ሹፌሩ መሬት መሬት አየ። ፍሬን የሌላት መኪና ላይ ሙሽራ ጭኖ እንደወረደ እንዴት ብሎ ይናገር? «እኔስ ምንም አላየሁባት» አለ።

ከሰዉ መሐል አንዱ «ልጁን ሰጥቶ መኪናውን ሰሰተ» ሲል ተሰማ፣ ሌሎቹም ሳቁ። አባባ እኔን አየኝ። አንድ ቃል ቢናገር ከዚያ ሁሉ ነገር ይወጣ ነበር። አልተናገረም። እህቴ ቬሏን በሩ ይዞት እየተቀደደ ወርዳ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከከበሮ መቺዎቹ መሐል ተጠጋግታ ተቀመጠች፤ አባባን በመስኮት ያየችበት ዓይን እስካሁን አለብኝ።

ሲሄዱ አባባ መሪው ላይ ተቀምጦ ፍሬኑን ረገጠ። ፔዳሉ ምንም ሳይቃወም ወለሉ ድረስ ወረደ። ደግሞ ረገጠ፣ ያው ነው። ወርዶ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ቀርቤ ትከሻውን ያዝኩት። «ትርንጎ፣ ይህን ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ። «እህቷን ልትገድል ነበር ይሉሻል፣ ዕድሜ ልክሽን። እኔን ሰሰተ ቢሉኝ አልሞትም።»

አልሞተም፣ ግን ስሙ በዚያው ቀረ። እትዬ ስንዱ ለመልስ መጥታ ጉልበቱን ስማ፣ በልታ ጠጥታ ሳታናግረው ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላም በዓል ሲደርስ የምትልከው ለእናቴ ብቻ ነበር። እሱ በየክረምቱ ከቀዮ ሥር መተኛቱን አልተወም፣ ለማንም ሙሽራ ግን ዳግመኛ አልሰጣትም፤ ሰዉም «ይኸውላችሁ፣ አላልንም?» አለ። አባባ ከአራት ዓመት በፊት ሲሞት መኪናዋን ለእኔ ተወልኝ። እህቴ ቀብሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ዓይኗ ደረቅ ነበር። እኔም ባሕር ዳር ወስጄ፣ የደመወዜን ግማሽ እያበላሁ፣ ዘይቷን በየዓመቱ እያስለወጥኩ አኖርኳት።

ከሁለት ሳምንት በፊት እትዬ ስንዱ ደወለች። «ልጄ ልታገባ ነው» አለችኝ። «መንገዱ ሰላም ከሆነ ያቺን መኪና ላኪልኝ። ለእኔ የተከለከለችው ለልጄ ትሁን።» እሺ አልኳት። መካኒክ ጋ የወሰድኳትም ለዚህ ነበር፤ ሁሉ ነገሯ ደህና ነው ሲለኝ ግን ቤቴ ገብቼ እንቅልፍም ምግብም እምቢ አለኝ። ትናንት ደወልኩና ከሲኒው እስከ ማንኩሳው ድንጋይ ድረስ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ስጨርስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ አባባ ነው።

«አባባ ያን ቀን ነው ያወቀው?»

«ያን ቀን ነው።»

«ታሞ ሳለ ልጠይቀው መጥቼ፣ ያን ቁልፍህን ለማን ትተዋለህ ብዬ ተናገርኩት» አለች። «ለትርንጎ፣ እሷ ትጠነቀቅላታለች አለኝ። እኔ እኮ እስከ መጨረሻው አላፈረም ብዬ ነው ያላለቀስኩለት።» ቀጥላም «መኪናዋ ትምጣ» አለችኝ። «ግን አንቺ ንጂያት።»

ስልኩን ካስቀመጥኩ ጀምሮ የምቆጥረው ይህን ነው። አሥር ዓመቴ ሳለ፣ ያን ያህል ፈርቼ፣ ዝም ያልኩት ሩብ ሰዓት ነበር፤ እህቴ በሕይወት ደረሰች። ከዚያ በኋላ፣ አድጌም፣ የሚቆጣኝ ሰው በሌለበትም፣ ዝም ያልኩት ሃያ ሁለት ዓመት ነው፤ አባባ አንድ ልጁ ሳታለቅስለት ተቀበረ።