በረዶ የሚዘንብበት ጠርሙስ

እኔ ፈሪ ሴት አልነበርኩም። አረብ አገር አራት ዓመት ሰው ቤት ስሠራ ማዳም ጮኸችብኝ ብዬ አንድ ቀን አልተንቀጠቀጥኩም። አሁን ግን የገዛ እናቴ ስትጠራኝ ሥራ አለብኝ ብዬ ጓዳ እገባለሁ። ምክንያቱን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም።

ጊዜው ክረምት ነው። መካነ ሰላም ዝናቡ አላባራ ብሎ፣ የስምንት ዓመቷ ልጄም ቤት ውላ ስታተራምስብኝ፣ እስቲ አንድ ነገር እንሥራ አልኳት። የማዳም ልጆች አንድ የመስታወት ኳስ ነበራቸው፤ ሲነቀንቁት ውስጡ ያለው ትንሽ ቤት ላይ በረዶ ይዘንባል። እሱን በማርማላታ ጠርሙስ እንሠራዋለን ብዬ ተነሣሁ። የእንቁላል ቅርፊት ወቀጥን። ፊቴን የምቀባውን ግሊሰሪን አመጣሁ። ልጄ የላስቲክ በጓን ክዳኑ ላይ በሱፐር ግሉ ስትለጥፍ ጣቷም አብሮ ተለጠፈ፤ ሳቅ በሳቅ ሆንን። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና "ይቺ ሴትዮ ወልዳም አላደገች" እያለች ታሾፍብኛለች።

የቸገረን ውሃው ነው። ክረምት ላይ ቧንቧችን የሚያወርደው ጭቃ ነው፤ በጓ ጎርፍ የወሰዳት መሰለች። ደፋሁትና ንጹሕ ውሃ ስፈልግ ከቁም ሳጥኑ ኋላ አንድ ትንሽ ሃይላንድ አገኘሁ፤ ውስጡ ጥርት ያለ ውሃ። ወንድሜ ለእናቴ ኪኒን መዋጫ አፍልቶ ያቀዘቀዘው ነው ብዬ ሙሉውን ገለበጥኩት። እናቴን እንዳልጠይቃት እንቅልፍ ወስዷታል። ክዳኑን ዙሪያውን በሱፐር ግሉ አሸግኩት። አቤት ማማሩ! ልጄ እየነቀነቀች ጨፈረች።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ደረቷን ይዛ ማቃሰት ጀመረች። ፊቷ አመድ መሰለ። ወንድሜ ባጃጅ ሊጠራ ሮጠ። እጄን ጨምድዳ ያዘችና "ዘምዘሜን አምጪልኝ፤ ከቁም ሳጥኑ ኋላ ነው። ጀሪካኑ ቢያፈስ በሃይላንድ ገልብጬዋለሁ" አለችኝ።

ያንን ዘምዘም፣ የመካውን የተባረከ ውሃ፣ ከአረብ አገር ስመለስ በሻንጣዬ ያመጣሁላት እኔው ነኝ። "የሞቴ ቀን ከንፈሬን ታርሱበታላችሁ" ብላ፣ ሰው ሲለምናት እንኳ ጠብታ ሳትሰጥ ያኖረችው ነው።

ወላሂ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ! ጓዳ ገብቼ ጠርሙሱን ታገልኩት፤ ክዳኑ ንቅንቅ አላለም። ቢከፈትስ፣ በግሊሰሪንና በሙጫ የተለወሰ ውሃ ለበሽተኛ ይሰጣል? እውነቱን ልንገራት ብል በድንጋጤ ትሞትብኛለች። ባዶውን ሃይላንድ አነሣሁና ከማንቆርቆሪያው የቀዘቀዘ ውሃ ሞላሁበት። ስጣደፍ ግማሹ መሬት ፈሰሰ። እናቴ "ቢስሚላህ" ብላ ሁለት ጊዜ ተጎነጨች። "አልሐምዱሊላህ" አለች፤ ትንፋሿም ረገብ አለ። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ሆስፒታል ሳምንት ተኝታ ዳነች። ግፊት ነው አሉ። እሷ ግን ሊጠይቃት ለመጣ ሁሉ "ዘምዘሙ ነው ያተረፈኝ" ትላለች። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ሳይቀሩ "እሰይ፣ እንኳን ማረዎት!" ይሏታል። እኔ ሻይ እያቀረብኩ መሬት መሬቱን አያለሁ። ጅዳ ያለችውን የጎረቤታችንን ልጅ ዘምዘም ላኪልኝ ብዬ በስልክ ለመንኳት፤ ወደ አገር የሚመጣ ሰው ሳገኝ እልካለሁ አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት እናቴ የተረፈውን ሃይላንድ ከትራሷ ሥር አወጣች። በነጠላ ቁራጭ ጠቅልላዋለች። "ወንድምሽ ይደነግጣል። የዚያን ቀን የምታጠጪኝ አንቺ ነሽ፤ ከአንቺ እጅ ነው የምፈልገው" ብላ እጄ ላይ አኖረችው።

"እሺ እማ" አልኳት።

ጅዳ ዛሬም ደወልኩ። የሚመጣ ሰው የለም።