አፈሩ የት ሄደ?

ጋሽ ገብረወልድ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበሩ። የውኃ ጉድጓድ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ ሲቸግርም መቃብር። ቦንጋ ላይ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ሽንት ቤቱን ያስቆፈረው በእሳቸው ነው። ሰው የሚስቅባቸው በዘነዘናቸው ነበር። ሌላው ቆፋሪ እንደ ደረሰ ዶማውን ሲያነሳ፣ እሳቸው መጀመሪያ ትልቅ ዘነዘና ይዘው መሬቱን እየወቀጡ ይዞራሉ። ይወቅጣሉ፣ ጎንበስ ብለው ያዳምጣሉ፣ ሦስት እርምጃ ሄደው ደግሞ ይወቅጣሉ።

"ጋሽ ገብረወልድ፣ መሬቱ ምን አለዎት?" ይላቸዋል አላፊ አግዳሚው።

"‘ማነው የሚያንኳኳው?’ አለኝ።"

ቀልዱ ለሰው ነው። አባታቸውም ቆፋሪ ነበሩ፤ የሞቱትም የገቡበት ጉድጓድ ተደርምሶባቸው ነው። ዘነዘናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ ዘገዬ እባላለሁ። በ1978 ዓ.ም. መምህር ሆኜ ከደብረ ብርሃን ቦንጋ ስመደብ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ጠመኔ ሳልይዝ ገመድ አስያዙኝ። ዘመኑ የመንደር ምሥረታ ነው፤ በየኮረብታው ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ ቤቱን አፍርሶ አንድ ቦታ ላይ በመስመር እንዲሰፍር ታዟል። መምህር ማንበብ ከቻለ መለካትም ይችላል ተባለ። የማን ሒሳብ እንደሆነ እንጃ!

የተመረጠው ቦታ ወደ ዋጫ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ፣ ወደ ወንዝ የሚወርድ ተዳፋት ነው። ትልልቅ ዛፎች ነበሩበት፤ ከስድስት ሰባት ዓመት በፊት ለጣውላ ተቆርጠው ጉቶው ብቻ ቀርቷል። የገመዱን አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሣህሌ ይዘን ወጠርነው፤ ችካል ተተከለ፣ ዕጣ ወጣ። ጋሽ ገብረወልድ ከሚስታቸው ከባፈና ጋር የሚኖሩበት ቤት ገጠሩ ውስጥ ስለነበር ዕጣው ደረሳቸው፤ አሥራ አምስት ቁጥር ወጣላቸው። ከእሳቸው ዝቅ ብሎ ያለው አሥራ አራት ቁጥር ለታንጉት ደረሰ። ታንጉት ሁለት ሴት ልጆች ይዛ የቀረች፣ ምላሷ የሚቆርጥ፣ ሳቅ የማይጠፋት መበለት ነበረች።

ሽማግሌው የፈረደበትን ዘነዘናቸውን ይዘው በመስመሩ ላይ ወረዱ። አሥራ አምስት ቁጥር ላይ ወቀጡ፤ ድፍን ነው። አሥራ አራት ላይ ወቀጡ፤ እኔ እንኳ ሰማሁት። ባዶ ጋን ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ ነበር።

"ይሄ ቦታ ሆዱ ባዶ ነው" አሉ ለሣህሌ። አማርኛን የለመዱት ጎልማሳ ሆነው ስለሆነ ማንንም "አንተ" ነው የሚሉት። "ዛፉ ሲቆረጥ ሥሩ ይበሰብሳል። የበሰበሰው ሥር ለውኃ ቀዳዳ ይሆናል። ውኃው በዚያ ሲያልፍ አፈሩን በትንሽ በትንሹ ይዞ ይሄዳል። ላይ ላዩን ሣር ስለያዘው ደህና ይመስልሃል። አንድ ቀን ጣራው ይወድቃል። አሥር እርምጃ ወደዚያ አዙረው።"

"መስመሩ አይታጠፍም!" አለ ሣህሌ። ከጅማ ጎብኚ ይመጣል ተብሏል፤ ጎብኚ የሚወደው ቀጥ ያለ ነገር ነው። እኔ ገመዱን ወጠርኩ።

ጋሽ ገብረወልድ ወደ ታንጉት ዞሩ። "እንቀያየር። አንቺ አሥራ አምስት ግቢ።"

"ውይ ጋሽዬ! ለእኔ ያልሆነ ለእርስዎ ይሆናል?"

"እኔ ከጉድጓድ ጋር ትውውቅ አለኝ" አሉ። ታንጉት ስቃ እሺ አለች።

ቤቶቹ ተሠሩ። ቀጥሎ ደግሞ ከተዳፋቱ የሚወርደው ጎርፍ መንደሩን እንዳይነካ ከቤቶቹ በላይ ቦይ ቆፍሩ የሚል ትእዛዝ መጣ። ቦዩን የለካሁት እኔ ነኝ። ቀጥ አድርጌ አመጣሁትና ጉቶዎቹ መካከል፣ ከአሥራ አምስት ቁጥር አጥር ሥር አስቆምኩት። ውኃው እዚያ ደርሶ ይሰወራል። ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ ሰው የለም፤ መሬቱ ጠጣው ብለን ተደሰትን። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ይሄንን ነው። ከደጃችን አስወጥተን ከወለላችን በታች አስገባነው።

በ1979 ሰኔ መጀመሪያ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አሥራ አራት ቁጥር ወደቀ። ባፈና ገበያ ነበረች፣ እሳቸው ሥራ ላይ። ማንም አልተጎዳም። ቤቱ ግን ከነምሰሶው፣ ከነቆጡ ገብቷል፤ ጥልቀቱ አራት ሰው ቢደራረብ አይሞላውም። አፉ ክብ ነው፣ ሆዱ ከአፉ ይሰፋል።

ሰኞ ከቦንጋ ካድሬ መጣ። ነገሩን ለመረዳት ብዙ አልፈጀበትም። ሰውየው ቆፋሪ ነው። ቤቱን ጠይቆ ቀይሯል። ቤቱ በጉድጓድ ወደቀ። ስለዚህ የቆፈረው እሱ ነው፤ ዓላማውም ዘመቻውን ማሰናከል ነው። ዛሬ ያስቃል፤ ያን ዕለት የሳቀ ሰው አላየሁም።

"እሺ፣ እኔ ቆፈርኩት" አሉ ጋሽ ገብረወልድ። "አፈሩ የት ሄደ? እኔ አንድ ሽንት ቤት ስቆፍር የሚወጣው አፈር ጓሮ ይሞላል። የዚህ አፈር የት አለ? ወንዙ ጋ ውረድና እይ!"

የወረደ የለም። እጃቸውን አስረው ቦንጋ ወሰዷቸው። በማግስቱ እኔ ብቻዬን ወረድኩ። ከወንዙ ዳርቻ ላይ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፤ ከውስጡ ቀይ ውኃ ይፈሳል፣ ከፊቱ አፈሩ እንደ አውድማ ተዘርግቷል። ሽማግሌው ልክ ነበሩ። አየሁ፣ ተመለስኩ፣ ለማንም አልተናገርኩም።

እሑድ ባፈና ቆጮ ቋጥራ ሰጠችኝና ልጠይቃቸው ሄድኩ። ምግቡን ተቀብለው አላዩትም።

"ታንጉት ደህና ናት?"

"ደህና ናት ጋሼ።"

"ስማኝ መምህር። ይሄ ቀዳዳ እዚያው ቆሞ አይቀርም። ውኃው ከላይ እየመጣ ጠርዙን ይሸርፋል፤ ውኃው ወደሚመጣበት ወደ ላይ ይወጣል። ቀጥሎ አሥራ አምስት ነው። ስወቅጠው ድፍን ነበር፤ አሁን አይደለም። እኔ ነኝ እዚያ ያስገባኋት። እኔ ብናገር የእስረኛ ወሬ ነው። አንተ የመንግሥት ሰው ነህ። ወረቀት ጻፍ። ቦዩን ይድፈኑት፣ እሷን ያስነሷት።"

"ዛሬውኑ እጽፋለሁ" አልኩ።

ጻፍኩ እንዴ? ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ። "ጉዳዩ፦" ብዬ ጀምሬ ቀደድኩት። ቦዩ የተሳሳተ ነው ካልኩ ለኪው ማነው? ሽማግሌው ንጹሕ ናቸው ካልኩ ከአሻጥረኛው ጋር ምን አለህ ይሉኛል። ለታንጉት እንኳ አልነገርኳትም። ያለ ፈቃድ ቤት መልቀቅ ያስቀጣል፤ ስትያዝ "መምህሩ ነው የነገረኝ" ብትልስ? ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔም ለእናቴ ተረፍኩላት።

ከጠየቅኳቸው በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ አሥራ አምስት ቁጥር ወደቀ። ታንጉት ቤት ነበረች። ሁለቱ ልጆቿ ትምህርት ቤት፣ እኔ ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ ክፍልፋይ እያስተማርኳቸው ነበር።

ጠርዙ እየተሸረፈ ስለነበር የሚወርድ ሰው ጠፋ። በመጨረሻ ሣህሌ ራሱ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ "ገብረወልድን አምጡት" አለ። በመኪና አመጧቸው። ወገባቸው ላይ ጠፍር አስረው ወረዱ። ከሰዓት በኋላ ታንጉትን አቅፈው ወጡ። ሞታ ነበር።

ሁለተኛው ጉድጓድ እሳቸው እስር ቤት እያሉ ስለተከፈተ፣ የመጀመሪያውንም እንዳልቆፈሩ ተረጋገጠ። ሣህሌ "በቃ፣ ወደ ቤትህ ሂድ" አላቸው። የትኛው ቤት እንደሆነ አልተናገረም።

ጭቃቸውን ሳይጠርጉ ወደ እኔ መጡ። "ወረቀቱስ?"

"ጽፌ ነበር ጋሼ። አልሰሙኝም።"

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። "አንተ ምን ታደርግ ልጄ" አሉ።

የታንጉትን ልጆች እሳቸውና ባፈና አሳደጓቸው። ጋሽ ገብረወልድ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ገበያም ይሁን ለቅሶ ቤት፣ ባገኙኝ ቁጥር ልጆቹን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ "ሳሙት፤ ለእናታችሁ የጻፈላት ይሄ መምህር ነው" ይሏቸው ነበር። ልጆቹም ይስሙኛል።