የአንሶላ ማደያዋ ሴትዮ

በኮሮና ምክንያት ለሰባት ወር ከተዘጋ በኋላ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ልጆቹን ስም ሳትጠይቅ የተቀበለች እሷ ብቻ ነበረች። የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ መስኮት ላይ ክንዷን አስደግፋ፣ ከማስኩ በላይ በቀረው ዓይናቸው ብቻ እየለየች፣ በቀይ ክር ቁጥር የተሰፋበትን አንሶላ ታቀብላለች። እንዴት ያለች አስታዋሽ ናት!

«አርባ ሦስት! ወይ ጉድ፣ ቁመትሽን ማን ለቀቀው? እግርሽ ከአልጋው ውጭ ሊያድር ነው እኮ!»

ልጆቹ ይንከተከታሉ። ሻንጣ ተሸክመን የተሰለፍነው ወላጆች ግን ሳቁ አልሆነልንም። ከመስኮቱ ጎን የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንብበናላ! ከቅዳሜ ጀምሮ አንሶላ የሚታጠበው ውጭ ባለ ድርጅት ነው፤ ክፍሉ ይዘጋል፣ ሠራተኛዋም ትሰናበታለች። የለጠፈችውም እሷው ናት፤ ሙጫው ጣቷ ላይ ደርቋል።

ግቢው ባዶ በነበረበት ጊዜ እዚሁ ነበረች አሉ። አይጥ እያባረረች ሦስት መቶ አንሶላ ጠግናለች።

አንዲት እናት ጠጋ ብላ፣ «እህቴ፣ ለምን አትነግሪያቸውም?» አለቻት።

«ዛሬ ገና ከእናታቸው ተለይተው? ተዪኝ እባክሽ፣ ለአንድ ቀን አንድ ለቅሶ ይበቃቸዋል።»

ማስታወቂያ የሚያነብ ተማሪ ደግሞ የት ይገኛል? ያቺ ረጅሟ ልጅ አንሶላዋን እንዳቀፈች ከደረጃው ተመለሰች።

«እትዬ፣ የቆሸሸውን እንደድሮው ሰኞ ሰኞ ላምጣልሽ?»

ሴትዮዋ የደረቀውን ሙጫ ከጣቷ ላይ ፋቀች።

«የዚህ ሳምንቱን አርብ አምጪው» አለቻት። «አርብ ጠዋት። ከሰዓት አልገኝም።»